ከተማን ማንበብ፦ የሙዚየምና የሐውልት ጉብኝት ዕቅድ እንደ ኂስ

1. መግቢያ

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ አንድ ያልተሳካ ጉብኝት ነው። በ2006 ዓ.ም. የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችን ይዤ በአዲስ አበባ የሚገኙትን ሙዚየሞችና ሐውልቶች ለማስጐብኘት ተነሥቼ ነበር። ዕቅዱን ያወጣሁት እኔ ራሴ ነኝ። በአንድ ቀን ዘጠኝ ቦታ፣ ለእያንዳንዱ ቦታ አርባ ደቂቃ፣ በአውቶቡስ። በሰዓት ተከፋፍሎ በወረቀት ላይ ሲታይ ያምር ነበር፤ አንድም ቦታ ሳናስቀር ፈጽመነው ማታ ወደ ግቢያችን ተመለስን። በሳምንቱ ተማሪዎቹ ያቀረቡትን ጽሑፍ ሳርም ግን የጠበቅሁትን አላገኘሁም። አብዛኞቹ የጻፉት ከመግለጫ ሰሌዳ የተቀዳ ስም፣ ዓመተ ምሕረትና ቁመት ነው። አንዲት ተማሪ ብቻ ጽሑፏን እንዲህ ስትል ደምድማለች፤ «ብዙ አየሁ፤ የቱን ከየቱ አስቀድሜ እንዳየሁ ግን አላስታውስም፤ ቢቀያየርም ለውጥ የሚያመጣ አይመስለኝም።»

ይህች ዓረፍተ ነገር ለረጅም ጊዜ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ስለ አንድ ልብ ወለድ «ምዕራፎቹ ቢቀያየሩም ለውጥ የለውም» ቢባል፣ መጽሐፉ ሴራ የለውም ማለት ነው። ጥፋቱ ግን የተማሪዋ አልነበረም፤ የሐውልቶቹም አልነበረም። ሴራ ያልነበረው የእኔ ዕቅድ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ በአንድ ከተማ የሚገኙ የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ሥራዎችን ለመጐብኘት ዕቅድ ማውጣት የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የኂስ ሥራ መሆኑን ማሳየት ነው። ለማስረጃነት የምወስደው ሁላችንም የምናውቃትን አዲስ አበባን ነው። በመጀመሪያ ዕቅድን ኂስ የሚያሰኘው ምን እንደ ሆነ እገልጻለሁ፤ ቀጥዬ በአደባባይ ስለሚቆመውና በሙዚየም ስለሚቀመጠው ሥራ ልዩነት አነሣለሁ፤ በመጨረሻም ከስሕተቴ ተምሬ ያወጣሁትን የሁለት ቀን ዕቅድ አቅርቤ ሊነሡበት ከሚችሉት ተቃውሞዎች ጋር እመዝነዋለሁ።

2. ዕቅድን ኂስ የሚያሰኘው ምንድን ነው?

የግጥም መድበል ያዘጋጀ ሰው እንደሚያውቀው፣ አዘጋጁ አንዲት ስንኝ ሳይጽፍ ብዙ ነገር ይናገራል። ከብዙው ጥቂቱን ይመርጣል፤ የመረጠውን በቅደም ተከተል ያሰልፋል፤ አንዱን ግጥም ከሌላው ጋር ያጐራብታል፤ የቀረውን ይተዋል። በእነዚህ አራት ተግባራት ማለትም በመምረጥ፣ በማሰለፍ፣ በማጐራበትና በመተው ስለ ግጥሞቹ ያለውን ፍርድ ያስተላልፋል። የጉብኝት ዕቅድ የሚያወጣ ሰውም ከዚህ የተለየ ሥራ አይሠራም። ልዩነቱ፣ የመድበሉ አዘጋጅ በመቅድሙ ላይ ስለ ምርጫው ምክንያት እንዲሰጥ የሚጠየቅ ሲሆን፣ የጉብኝት ዕቅድ አውጪውን ግን ማንም አለመጠየቁ ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ምርጫውን የሚያደርግለት የአውቶቡሱ መስመር ይሆናል።

የእኔም ዕቅድ የሆነው ይኸው ነበር። ቦታዎቹን ያሰለፍሁት መንገዱ በሚያመቸኝ መሠረት ነው። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን የተውሁት ነው። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡር መስመር ግንባታ ሲባል ከአደባባዩ ተነሥቶ በብሔራዊ ሙዚየም በጥበቃ ላይ ነበር። «አሁን በቦታው የሚታይ ነገር የለም» ብዬ አደባባዩን ከዝርዝሩ ሰረዝሁት። አውቶቡሳችን በዚያ ሲያልፍ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ «መምህር፣ የት ጋ ነበር የቆመው?» ሲል ጠየቀኝ። በጣቴ አሳየሁት፤ ቁፋሮና አጥር ብቻ ነበር የሚታየው። ልጁ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ያነበበ ኖሮ፣ በመስኮቱ ዞሮ እስኪሰወርበት ድረስ ባዶውን ቦታ ሲመለከት አየሁት። በዚያን ዕለት ሁሉ እንደዚያ አድርጎ አንድን ነገር የተመለከተ ተማሪ አላየሁም። ያየውም እኔ የሰረዝሁትን ነው።

3. ቦታ እንደ ዐውድ

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት አንድ ቃል ከዐውዱ ተነጥሎ እንደማይተረጐም ለተማሪዎቻችን ዘወትር እንነግራለን። ሐውልትም እንዲሁ ነው። ለዚህ ከለገሃር አንበሳ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

በለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የሚገኘው የይሁዳ አንበሳ የፈረንሳዊው ቀራጺ የዦርዥ ጋርዴ ሥራ ሲሆን፣ የቆመው ከ1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል ጋር ተያይዞ ነው። ጣሊያኖች ከተማይቱን ከያዙ በኋላ ነቅለው ወደ ሮማ ወሰዱት፤ በዶጋሊ ለሞቱ ወታደሮቻቸው መታሰቢያ ከቆመው ሐውልት ግርጌም አኖሩት። ዶጋሊ፣ ራስ አሉላ በጥር ወር 1879 ዓ.ም. የጣሊያንን ጦር ድል የመቱበት ቦታ ነው። አንበሳው ይህን ሁሉ ሲያልፍ መልኩ አልተለወጠም፤ ዘውዱም ያው፣ ጋማውም ያው ነው። የተለወጠው ሰዋስዉ ነው። በለገሃር የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት የነበረው በሮማ ተሳቢ ሆነ፤ አዲስ አበባ ላይ «ነገሠ» ይል የነበረው ሮማ ላይ «ተማረከ» አለ።

ይሁንና ንባቡ በዚህ አላበቃም። ዘርዓይ ደረስ የተባለው ወጣት በሮማ በዚህ አንበሳ ፊት ተንበርክኮ ጸለየ፣ ሊያስነሡት የመጡትንም ተጋፈጠ እየተባለ የሚነገረው ታሪክ፣ ከሥነ ጽሑፍ አንጻር ሲታይ የአንድ አንባቢ ታሪክ ነው። ወራሪው የጻፈውን አዲስ ዐውድ አልቀበልም ብሎ ሐውልቱን በቀድሞ ዐውዱ ያነበበ አንባቢ ነው። አንበሳው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወደ ቦታው ሲመለስ ይህን ሁሉ ትርጉም ተሸክሞ ነው የተመለሰው። ዛሬ በፊቱ የሚቆም ጐብኚ ይህን ካላወቀ የሚያየው ዘውድ የደፋ እንስሳ ነው።

የአቡነ ጴጥሮስም ሐውልት በ2008 ዓ.ም. ወደ አደባባዩ ተመልሷል። ጳጳሱ በፋሺስት ጥይት የወደቁት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ ነው። መኰንን እንዳልካቸው «የደም ድምፅ»ን፣ ጸጋዬም ከላይ የጠቀስሁትን ሥራ የጻፉት ስለዚሁ ሰማዕትነት ነው። በሙዚየም በቆየባቸው ዓመታት ሐውልቱ አልጐደለበትም፤ እንዲያውም ከጉዳት ተጠብቋል። ነገር ግን ሙዚየም የሚጠብቀው ዕቃውን ነው። ለአደባባዩ ያለው ባለውለታነት፣ ከከተማው ሰው ጋር በየዕለቱ የሚያደርገው ምልልስ በሙዚየም ውስጥ ሊጠበቅ አይችልም።

ከዚህ ተነሥቼ የምደርስበት የመጀመሪያ መደምደሚያ የሚከተለው ነው። በአደባባይ የቆመ ሥራ ከቦታው ጋር፣ በሙዚየም የተቀመጠ ሥራ ደግሞ ከጐረቤቶቹ ጋር ይነጋገራል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን «የሚታዩ ነገሮች» ብሎ የሚዘረዝር ዕቅድ፣ ድራማንና ልብ ወለድን «መጻሕፍት» በሚል አንድ ስም ብቻ እንደሚያውቅ ሻጭ ነው።

4. አደባባዩ ትርጉም፣ አዳራሹ ወጥ

ዕቅዴን እንደ ገና ለመሥራት በተቀመጥሁ ጊዜ አስቀድሜ ያደረግሁት ነገር፣ ከእያንዳንዱ ሥራ ጐን የሠሪውን ስም መጻፍ ነበር። ዝርዝሩን ስመለከት ከዚያ በፊት ልብ ያላልሁት ነገር ታየኝ። በአራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ የፈረስ ሐውልት ጀርመን ሠራሽ ነው። የለገሃሩ አንበሳ ፈረንሳዊ እጅ አለበት። ከብሔራዊ ቴአትር ፊት የቆመው፣ በንጉሠ ነገሥቱ የንግሥና 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. የተሠራው ሌላው አንበሳም የፈረንሳዊው የሞሪስ ካልካ ነው። የስድስት ኪሎው የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት የዩጎዝላቪያውያኑ የአንቱን አውጉስቲንቺችና የፍራኖ ክርሺኒች ሥራ ነው። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የተመረቀውን የትግላችን ሐውልት የሠሩት ሰሜን ኮርያውያን ናቸው።

በአንጻሩ የሀገራችን ሠዓሊያን ሥራዎች በብዛት የሚገኙት በጣሪያ ሥር ነው። የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥዕሎች በስሙ በተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። የአፈወርቅ ተክሌ ታላቁ የመስታወት ሥዕል በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ነው። የጥንቶቹ ሠዓሊያን ሥዕሎች በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይገኛሉ። በሌላ አነጋገር፣ ቢያንስ በዚህ ዝርዝር ውስጥ፣ አደባባዩ የሚናገረው በትርጉም ነው፤ ወጥ ድርሰቱ ያለው በአዳራሽ ውስጥ ነው።

ይህን ስል ትርጉምን ዝቅ ለማድረግ አይደለም። በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ ጸጋዬ ወደ አማርኛ የመለሳቸው «ኦቴሎ» እና «ሐምሌት» የውጭ ሥራዎች ናቸው ብሎ ከአማርኛ ቴአትር ታሪክ ሊያወጣቸው የሚነሣ ያለ አይመስለኝም። ትርጉም በተቀባዩ ዘንድ ሀገርኛ ይሆናል። የጋርዴን አንበሳ ኢትዮጵያዊ ያደረገው ነሐሱ ሳይሆን የደረሰበት መከራ ነው። የምኒልክንም ሐውልት እንዲሁ ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ አንሥተው ቀብረውታል፤ ከነጻነት በኋላ ወጥቶ ወደ ቦታው ተመልሷል። ጠላት የቀበረውን ሐውልት ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ሕጉ ያለ ልዩነት የሚሠራ አለመሆኑንም መጠቆም ይገባኛል። በሐረር የነበረው የራስ መኰንን የፈረስ ሐውልት የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነበር፤ ወጥ ድርሰት በአደባባይ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ይህ ሐውልት በሰኔ 2012 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት ፈርሷል። አደባባይ ላይ የሚቆም ሥራ ሊወደድም ሊጠላም እንደሚችል፣ ሁለቱም ዐይነት አንባቢ በእጁ ሊደርስበት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማሳያ አያሻም። በሙዚየም ያለ ሥዕል እንዲህ ያለ አደጋ አይደርስበትም፤ እንዲህ ያለ አንባቢም የለውም።

ስለዚህ ዕቅዴ መመለስ የሚገባው ጥያቄ ይህ ሆነ፦ ተማሪው ትርጉሙንና ወጡን ጐን ለጐን አድርጎ እንዲያነብ፣ አንዱ ለሌላው መልስ ሲሰጥ እንዲሰማ እንዴት ላሰልፋቸው?

5. የሁለት ቀን ዕቅድ

በአዲሱ ዕቅዴ ዘጠኙን ቦታ በአንድ ቀን ማየት ቀርቷል። በአንድ ቀን ከአምስት የሚበልጥ ሥራ አይታይም። በተቻለ መጠን በእግር ይኬዳል፤ ከሩቅ ወደ ሐውልት መቅረብ የንባቡ አንድ ክፍል ነውና። በእያንዳንዱ ሥራ ፊት አስቀድሞ ለዐሥር ደቂቃ በዝምታ ይታያል፤ የመግለጫው ሰሌዳ የሚነበበው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ደንብ ያወጣሁት ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ሙዚየም ውስጥ ተማሪዎቼ ሥዕሉን በጀርባቸው አድርገው ሰሌዳውን ሲገለብጡ ካየሁ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ከአራዳ ይጀምራል። ጧት በምኒልክ ሐውልት ፊት እንቆማለን። ሐውልቱ የተመረቀው በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ዋዜማ ነው፤ የሚያስታውሰው ግን የ1888 ዓ.ም.ን ባለ ድል ነው። ተማሪው እዚህ ላይ የታሪኩን ጊዜና የትረካውን ጊዜ መለየት ይማራል። ማን ነው የሚተርከው? በማን የንግሥ በዓል? ስለ ማን? ከ2016 ዓ.ም. የካቲት ወር ወዲህ ደግሞ ሐውልቱ አዲስ ጐረቤት አግኝቷል፤ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በአካባቢው ተመርቋል። በዚያው ዓመት በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ፈረሱ አንድ እርምጃ አልተራመደም፤ በዙሪያው ያለው ገጽ ግን እንደ ገና ተጽፏል። ስለዚህ ጉብኝቱ ከአሥር ዓመት በፊት የተጻፈ ማስታወሻ ላለው መምህር እንኳ አዲስ ንባብ ነው።

ከዚያ በእግራችን ወደ አቡነ ጴጥሮስ አደባባይ እንሄዳለን። ከድል አድራጊው ወደ ሰማዕቱ፣ ከፈረሰኛው ወደ እግረኛው መሆኑ ነው። ተማሪዎቹ ሁለቱን ተውኔቶች በዋዜማው አንብበው እንዲመጡ ይደረጋል። በአደባባዩ ላይ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ተውኔቱ ለጳጳሱ ድምፅ ሰጥቷቸዋል፤ ሐውልቱ በምን ይተካዋል?

ከሰዓት በኋላ ወደ ስድስት ኪሎ እንወጣለን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ያለው ከዩኒቨርሲቲያችን በር ላይ ነው። አንድ ቀን በክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን በሐውልቱ ላይ ምን እንደ ተቀረጸ ጠየቅኋቸው። አንዱ «ስም ነው» አለ፤ ሌላው «መስቀል» አለ፤ ሦስተኛው «ምንም የለበትም፣ ልሙጥ ነው» አለ። በቀን ሁለት ጊዜ የሚያልፉበት ሐውልት ነው። ተያይዘን ወጣን፤ በዙሪያው ያሉትን፣ የ1929 ዓ.ም.ን ጭፍጨፋ የሚያሳዩትን ቅርጾች አየን። ከመካከላቸው አንዱ ራሱን ይዞ «ሦስት ዓመት!» አለ። እኔም በልቤ የራሴን ዓመታት ቆጠርሁ፤ ቁጥሩን ግን አልነገርኋቸውም።

ከሐውልቱ በበሩ ገብተን ወደ ቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እናመራለን። ከሕንጻው ፊት ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ይህን ደረጃ ያቆሙት ጣሊያኖች ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1922 ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ያለፈውን አንድ አንድ ዓመት እንዲያመለክት የተሠራ እንደ ሆነ ይነገራል። ከነጻነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ በመጨረሻው እርከን ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ በከተማይቱ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ያለው ሥራ የለም ብዬ አምናለሁ። ቅኔ ተቀባይ የሌላውን ቤት ሳያፈርስ በመጨረሻዋ ቃል ምስጢሩን እንደሚገለብጥ ሁሉ፣ እዚህም የጠላት ድርሰት እንዳለ ተትቶ የመጨረሻው ቃል ተለውጧል። ሰሙ ደረጃው፣ ወርቁ አንበሳው ነው።

ቀኑ የሚያበቃው እዚያው ሕንጻ ውስጥ ባለው የጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። የሕዝቦችን ባህል የሚያሳየው ክፍል ዕቃዎቹን ያሰለፈው በብሔረሰብ ወይም በዘመን ሳይሆን ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ልጅ ዕድሜ መሠረት ነው። ይህ ራሱ ሴራ ነው፤ አንድ ሙዚየም ስብስቡን እንደ ግለ ታሪክ አድርጎ ተርኮታል። ጧት በአደባባይ የአንድ ንጉሥና የአንድ ጳጳስ ስም ያነበበ ተማሪ፣ ማታ ስም የሌላቸውን ሰዎች ሕይወት ያነባል። ከላይ ባለው ፎቅ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን ያገኛል። ከትርጉም ተነሥቶ ወደ ወጡ የሚደርሰው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው ቀን የሚጀምረው በለገሃር ነው። አስቀድመን የጋርዴን አንበሳ፣ ቀጥሎ በአጭር መንገድ ላይ የሚገኘውን የካልካን አንበሳ እናያለን። የአንዱ ጡንቻና ጋማ እንደ ተፈጥሮው ነው፤ ሁለተኛው በቀጥታ መስመርና በጠርዝ የተፈለጠ ድንጋይ ነው። በመካከላቸው ያለው 25 ዓመት ብቻ ነው፤ ጭብጡ አንድ ነው፤ ቋንቋው ግን ፈጽሞ ተለያይቷል። በአንድ ርእስ የተጻፉ ሁለት ግጥሞች፣ አንዱ በነባሩ፣ ሌላው በአዲሱ ስልት፣ ሲነጻጸሩ ምን እንደሚመስል በክፍል ውስጥ ለማስረዳት ሳምንት የሚፈጅብኝን እነዚህ ሁለት አናብስት በአንድ ሰዓት ይጨርሱታል።

ከዚያ የቸርችልን ጐዳና ሽቅብ ይዘን ወደ ትግላችን ሐውልት እንወጣለን። እዚህ አንበሳው የለም፤ ቀይ ኮከብ አለ። ሐውልቱ ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ለወደቁት ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን መታሰቢያ ሲሆን፣ ቁመቱ ወደ 50 ሜትር ይጠጋል። ያቆመው መንግሥት ካለፈ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሙታኑ ግን ሙታን ናቸው። ደራሲው የተወገዘ ድርሰት እንዴት ይነበባል? ይህ ጥያቄ በእኛ የትምህርት ክፍል ውስጥ ስለ አብዮቱ ዘመን ግጥሞችና ቴአትሮች የማይነሣበት ዓመት የለም፤ እዚህ በድንጋይ ቆሞ ይጠብቀናል።

ከምሳ በኋላ በ1953 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ እንሄዳለን። ግቢው የተባበሩት መንግሥታት ስለሆነ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ይህን የረሳ ዕቅድ በበር ላይ ያበቃል። የአዳራሹ እድሳት እ.ኤ.አ. በ2024 ተጠናቋል። የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ሲሆን በሦስት ክፍል የአፍሪካን ያለፈ ዘመን፣ ትግሏንና መጪ ጊዜዋን ይተርካል። ባለ ሦስት ገቢር ተውኔት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመስታወት ሥዕል የሚታየው በፀሐይ ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱን ወደ ማታ ማስጠጋት ገጽ ቀድዶ እንደ መጣል ይቆጠራል። ከትግላችን ሐውልት በኋላ ማየታችንም ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱም ስለ ትግልና ስለ ድል ይናገራሉ፤ አንዱ በትርጉም ለአደባባይ፣ ሌላው በወጥ ለአዳራሽ። ተማሪው የትኛው ይበልጥ አሳመነኝ ብሎ እንዲጠይቅና ምክንያቱን ከሥራው እንዲያወጣ እፈልጋለሁ።

ጉብኝቱን የምዘጋው በገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም ነው። ገብረ ክርስቶስ (1924–1973 ዓ.ም.) ሠዓሊም ገጣሚም ነበረ፤ በጀርመን ሀገር ተምሮ፣ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሮ፣ በስደት አሜሪካ ውስጥ ያረፈ ሰው ነው። ለእኛ የትምህርት ክፍል ከማንም ሠዓሊ ይልቅ የቀረበ ነው። ተማሪዎቹ «ሀገሬ» የተባለውን ግጥሙን በዋዜማው ጮክ ብለው እንዲያነቡ፣ ከጉብኝቱ በኋላም እንደ ገና እንዲያነቡት አዝዣለሁ። ከጀርመን ሀገር የተመለሱ ሥዕሎቹ በዚህ ሙዚየም መገኘታቸው፣ በመጀመሪያ ካየነው ከሮማ ከተመለሰው አንበሳ ጋር ቀኑን ከሁለቱም ጫፍ ያስረዋል። አንዱ ተማርኮ ተመለሰ፤ ሌላው ባለቤቱ ሳይመለስ ሥራው ተመለሰ።

6. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

ይህን ዕቅድ ያሳየኋቸው ባልደረቦቼ ሦስት ተቃውሞ አንሥተዋል። የመጀመሪያው፣ በዘመን ቅደም ተከተል ቢኬድ ይሻላል የሚል ነው። በየትኛው ዘመን? ሐውልቱ በተሠራበት ወይስ ሐውልቱ በሚያስታውሰው? የምኒልክ ሐውልት በአንደኛው ስሌት 1923፣ በሌላው 1888 ነው። የዘመን ቅደም ተከተል ገለልተኛ ይመስላል እንጂ እርሱም ምርጫ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ መጽሐፉን ቢያነብ ይበቃዋል፤ ሥዕልና ሐውልት የሌላ ትምህርት ክፍል ነው የሚል ነው። ይህን አቃልዬ አላልፈውም፤ ሠዓሊ ያልሆነ ሰው ስለ ቀለም ሲናገር የሚፈጽመውን ስሕተት እኔም ፈጽሜያለሁ። ነገር ግን እዚህ የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች፣ ማለትም ማን ይተርካል፣ ለማን፣ በየትኛው ዐውድ፣ ምንስ ተተወ የሚሉት፣ የእኛው ጥያቄዎች ናቸው። ሠዓሊው ስለ ቀለሙ ያርመን፤ ስለ ትረካው ግን ዝም የምንልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደው ነው። አንዲት ባልደረባዬ ዕቅዱን አንብባ ስትጨርስ፣ «በሁለት ቀን ውስጥ በስሟ የምትጠራ ሴት አንዲት እንኳ የለችም» አለችኝ። ወረቀቱን እንደ ገና አየሁት። ንጉሥ አለ፤ ጳጳስ አለ፤ ገጣሚ አለ፤ ሁለት አናብስት፣ ከትንሹ ጋር ሦስት አሉ። ብሔራዊ ሙዚየም ለብቻው ግማሽ ቀን ስለሚፈልግ ለሌላ ጊዜ አስተላልፌው ነበር፤ በስሟ የምትታወቀው ሉሲ ያለችው ደግሞ እዚያ ነው። በኅዳር 1967 ዓ.ም. የተገኘችውንም ሳይቀር ቀጠሮ ሰጥቻታለሁ ማለት ነው። ለዚህ ተቃውሞ መልስ የለኝም። በ2006ቱ ዕቅዴ ባዶውን አደባባይ እንደ ሰረዝሁ ሁሉ በአዲሱም የሰረዝሁት ነገር አለ። ልዩነቱ፣ አሁን ስለ ሰረዝሁት ነገር ተጠይቄበታለሁ። ዕቅድ ኂስ ከሆነ እርሱም ኂስ ይገባዋል ያልሁትም ለዚህ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ይህን ክፍተት ራሳቸው ተማሪዎቹ እንዲያገኙትና መልሱን ከከተማው እንዲፈልጉ አድርጌ ዕቅዱን እጀምራለሁ።

7. ማጠቃለያ

ከላይ ለማሳየት የሞከርሁት፣ የጉብኝት ዕቅድ በመምረጥ፣ በማሰለፍ፣ በማጐራበትና በመተው ትርጉም የሚሰጥ የኂስ ሥራ መሆኑን ነው። በአዲስ አበባ ይህ ሥራ የአደባባዩን ትርጉምና የአዳራሹን ወጥ ድርሰት ማነጋገር ይጠበቅበታል። ሥራውንም ለሌላ ጊዜ ማሳደር አይቻልም። መጽሐፍ ከመደርደሪያው ላይ ሆኖ አንባቢውን ይጠብቃል፤ በዚህ ጽሑፍ ከጠቀስኋቸው ሐውልቶች ግን አንዱ ተማርኳል፣ አንዱ ተቀብሯል፣ አንዱ ተነሥቶ ተመልሷል፣ አንዱም ፈርሷል። ቆመው ሳሉ ያላነበብናቸውን ከወደቁ በኋላ ከፎቶግራፍ ማንበብ ይኖርብናል።

አዲሱን ዕቅድ ባለፈው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ተግባራዊ አድርጌዋለሁ። ከቀረቡልኝ ጽሑፎች ውስጥ አንዱ ስለ ገነተ ልዑል ደረጃ ብቻ ስምንት ገጽ የሚሸፍን ነበር። ጽሑፉ አንበሳው ወደ የት እንደሚመለከት ጠይቆ፣ ደረጃውን ወጥቶ ከጐኑ የሚቆም ሰው ምን ሊያይ እንደሚችል ይተነትናል። በትንተናው ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ ከዳር እስከ ዳር በኅዳጉ ላይ ተከራክሬዋለሁ። ሆኖም ያ ተማሪ ቅደም ተከተሉ ቢቀያየር ለውጥ እንደሚያመጣ ያውቃል። ሌሎች መምህራንና ተማሪዎችም የየራሳቸውን ዕቅድ፣ በተለይም እኔ የሰረዝሁትን የሚያካትት ዕቅድ፣ በዚህ መጽሔት ላይ እንዲያቀርቡ እጋብዛለሁ።